ጡረታ፣ የባጃጅ ብረት እና አባ ኮዳ፦ የአንዲት የሐዋሳ መምህር ጉዳይ

ይህ ጽሑፍ ስለ አንዲት ጡረተኛ መምህርና ስለ አንድ ወጣት በያጅ ነው። ሁለቱም የሐዋሳ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እነሱም እንዲጠራ አልፈለጉም። መምህሯ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖሩ። 60 ዓመት ሲሞላቸው እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ወጡ። በያጁ አቶቴ አካባቢ ባጃጅ በሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራል፤ ዕድሜው ከሠላሳ አይዘልም። ዛሬ ሁለቱ አብረው ከተጣለ የባጃጅ ብረት ወፍና እንስሳ ይቀርጻሉ። ከፍሎ የሚወስድላቸው ሰውም አላጡም።

ነገሩን በጉርብትና ከጅምሩ ተከታትዬዋለሁ። የሰማ ሁሉ "ተሰጥኦው ድሮም ነበራቸው፣ አሁን ወጣ" ይላል። ለእኔ ይህ አባባል ዋናውን ነገር ይደብቃል። ተሰጥኦ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ሳሎናቸው ውስጥ ተቀምጦ ይቀር ነበር። መምህሯን ቀራጺ ያደረጓቸው ጋራዥ ውስጥ ያገኙት መቀመጫ፣ ሙያውን ያልሰሰተ አንድ ልጅ፣ ከዚያም ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ትምህርት ናቸው። ልጁም ከእሳቸው ያገኘው ቀላል አይደለም። ይህ መሰጣጣት አንድ ጊዜ ሊበጠስ ደርሶ ስለነበር ከሥሩ ጀምሬ ልናገረው።

ሰሌዳው እና አግዳሚው

መምህሯ ሲያስተምሩ በጠመኔ ይሥሉ ነበር። ትምህርት ቤቱ አጽም አልነበረውም። ስለዚህ የእንቁራሪቷን ልብ፣ የዶሮዋን ክንፍ፣ የሰውን ዳሌ ሰሌዳው ላይ እየሣሉ ያስረዳሉ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሲያገኟቸው ዛሬም የሚያነሱት ይህንኑ ነው። እሳቸው ግን ሥዕል ብለውት አያውቁም። "ማስተማሪያ ነዋ!" ይላሉ።

ጡረታ ሲወጡ ያጠራቀሟትን አሰባስበው ባጃጅ ገዙ። ሹፌር ቀጠሩ። ባጃጅ ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ገቢው በየቀኑ ይመጣል፣ ብልሽቱም ብዙ አይቆይም። ጋራዥ ሄደው ካልተቀመጡ ደግሞ ተቀየረ የተባለው ዕቃ በእርግጥ መቀየሩን ማን ያውቃል? እናም አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ከቤት ወጥተዋል። ቀስ በቀስ ባጃጁ ደህና በሆነበት ቀንም ብቅ ማለት ጀመሩ። የጋራዡ ልጆች መጀመሪያ "ማዘር" ይሏቸው ነበር። አስተማሪ መሆናቸውን ሲሰሙ "ቲቸር" ሆኑ።

አንድ ቀን በያጁ ልጅ ሞተር ፈትቶ ቢዬላ አወጣ። ቢዬላ ማለት ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ነው። ጫፍና ጫፉ ደንደን፣ መሀሉ ቀጠን ያለ ነው። መምህሯ ተቀብለው አገላበጡት። "ይኼ እኮ የጭን አጥንት ነው" አሉ። መመሳሰሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ሁለቱም ከባድ ግፊት ይሸከማሉ፤ ሁለቱም ቀላል መሆን ይጠበቅባቸዋል፤ ሁለቱም ጫፋቸው የሚሰፋው መገጣጠሚያ ስላለበት ነው።

"ይኼን ምን ታደርጉታላችሁ?"

"ለቁራሌው ነው ቲቸር። በኪሎ ይሄዳል።"

"እንግዲያው ለእኔ መዝነው።"

ቤታቸው ወስደው ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። ከቢዬላው ጎን የተሰበረ ሞላ፣ ያረጀ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ)፣ ካንዴላ፣ የሞተር ሳይክል ካቴና እየተጨመረ ሄደ። ካቴናው የጀርባ አጥንት ሆነ። ምንም ሳይበየድ፣ እንዲሁ እንደተደረደረ፣ የወፍ አጽም ወጣው። በስልክ ፎቶ አንስተው ለልጁ አሳዩት። ስልኩን ይዞ ቆየ። ከዚያ "ይኼማ ይበየዳል" አለ።

የተጣለ ዕቃ ለጀማሪ ደግ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ይመጣል። ፒካሶ በ1942 እ.ኤ.አ. የሠራው የታወቀው የበሬ ራስ ከብስክሌት ኮርቻና ከመሪው ውጪ ሌላ ነገር የለበትም። ኮርቻው ፊቱ ነው፤ መሪው ቀንዱ። ሥራው ያለው ማየቱ ላይ ነው። የመምህሯ ዓይን ደግሞ አጥንት ማየት የለመደ ነው።

አባ ኮዳ

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሄደ ሰው አባ ኮዳን ያውቀዋል። ዓሣ ሲበለት እነዚያ ትልልቅ ወፎች ሰው መሀል ቆመው አንጀቱንና ራሱን ይጠብቃሉ። ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል። ራሳቸው መላጣ ነው፤ ጉሮሯቸው ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ብዙ ሰው አስቀያሚ ይላቸዋል። መምህሯ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ። "ሐይቁ ዳር የሚጣለውን ሁሉ የሚያነሱልን እነሱ ናቸው" ይላሉ። የመጀመሪያው ሥራ አባ ኮዳ እንዲሆን የወሰኑት እሳቸው ናቸው።

ልጁ የመጀመሪያውን እግር ሲያቆም ጉልበቱን እንደ ሰው ወደ ፊት አጠፈው። አስቆሙት። ወፍ ስትቆም እግሯ መሀል ላይ ወደ ኋላ ታጥፎ የምናየው ጉልበት አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት ነው። እውነተኛው ጉልበት ከላይ፣ ላባ ውስጥ ተደብቋል። ልጁ አላመነም። በባጃጅ አሞራ ገደል ሄደው ቆመው አዩ። ተመልሶ የበየደውን በግራይንደር ቆረጠው። ልጁ ራሱ እንደነገረኝ፣ ቲቸርን እንደ ደንበኛ ማየት የተወው ያን ዕለት ነው።

የእግሩ ቀለምም ትምህርት ነበረው። የአባ ኮዳ እግር ከላይ ሲታይ ነጭ ነው፤ ቆዳው ግን ጠቆር ያለ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ወፉ ኩሱን እግሩ ላይ ይለቃል። እርጥበቱ ሲተን እግሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ነጩ ቅሪት ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ እግሩን ወጥ ነጭ አልቀቡትም። ነጭ ቀለም ቀብተው ሳይደርቅ በጨርቅ ጠረጉት፤ አንዳንድ ቦታ ብረቱ ይታያል። እኔ እስካሁን ካየኋቸው ሥራዎቻቸው ሁሉ የምወደው ይህንን እግር ነው።

የመጀመሪያው አባ ኮዳ ግን ቆሞ አላደረም። ምንቃሩና አንገቱ ከባድ ነበር፤ ወደ ፊት ተደፋ። ሕይወት ያለው ወፍ ሚዛኑን በጡንቻው እያስተካከለ ይቆማል። ብረት ይህን አያውቅም። ክብደቱ በሙሉ በጣቶቹ መሀል ማረፍ አለበት። ልጁ ሦስተኛ እግር የሚሆን ፌሮ ከኋላ እንደግፍ አለ። እሳቸው እምቢ አሉ። መፍትሔው የመጣው ከወፉ ከራሱ ነው፤ አባ ኮዳ ሲያርፍ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ነው የሚቆመው። አንገቱን ወደ ኋላ ሰበሰቡት። የፊት ጣቶቹን አስረዘሙ። ከሥር ወፍራም ላሜራ በብሎን አሰሩለት። ቆመ።

ብረቱና ሰውነቱ

ይህ ክፍል በዕድሜ ገፋ ብሎ ብየዳ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው ነው። የፈለገ ደጋግሞ ያንብበው።

የመጀመሪያው እንቅፋት እጅ አልነበረም፤ ዓይን ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይናችን ሌንስ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቅርብ ያለ ነገር ይደበዝዛል። መምህሯ በጥቁሩ የማስክ መስታወት ውስጥ ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) የት እንደሚያርፍ አይታያቸውም። እሳቱ ሲነሳ ደግሞ ብርሃኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከጋራዡ ልጆች አንዱ "ዓይንዎን ጨፍነው ያስነሱት" አላቸው። በብዙ ጋራዥ የሚደረግ ነው። ፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድም አለ።

ምክሩን ሞከሩት። ሌሊት ላይ ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ የተበተነ ያህል ነደዳቸው። የብየዳ ብርሃን በአልትራቫዮሌት ጨረሩ የዓይንን ፊተኛ ሽፋን ያቃጥላል። ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ሰው ከብየዳው ጋር አያገናኘውም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል፤ መደጋገሙ ግን ጉዳት አለው። ልጁ ይህን ሲሰማ "እኛማ ለምደነዋል፣ ድንች እንለጥፋለን" አለ። መምህሯ እዚያው ጋራዡ ውስጥ፣ ላሜራ ላይ በጠመኔ ዓይን ሥለው አስረዱ። ከዚያ እሳት ሲነሳ ራሱ የሚጠቁር ማስክ ገዙ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ለልጁ። በማስኩ ውስጥ የማንበቢያ መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ከዚህ በኋላ ብየዳው መስመር ያዘ።

ሁለተኛው የኤሌክትሮዱ ውፍረት ነው። ጋራዡ የሚጠቀመው 3.2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ስስ ላሜራን ይበሳል። ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ወረዱ። እሱ ከ60 እስከ 90 አምፔር ባለው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሠራል። ኢንቨርተር የምትባለው ትንሿ የብየዳ ማሽን ትበቃዋለች። ማሽኗ ቀላል ስለሆነች የ60 ዓመት ሰው ወገቡን ሳይጎዳ ያነሳታል።

ሦስተኛው፣ ብረት ሁሉ ብረት አይደለም። መምህሯ በደብተራቸው ለእያንዳንዱ ዕቃ ገጽ ከፍተዋል። ፒስተን አሉሚኒየም ነው፤ በተለመደው ኤሌክትሮድ አይያያዝም። ኩሽኔታ በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ይያያዝና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ደረቅ አመድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ያም ሆኖ አንዳንዱ ይሰነጠቃል። ሞላ ብየዳው አጠገብ ይደርቅና ይሰበራል፤ ስለዚህ ክብደት የሚሸከም ቦታ አይገባም። ያልተከፈተ ሾክ አብዞርበር ጨርሶ እሳት አይነካውም፤ ውስጡ የታመቀ ዘይትና አየር ስላለ ይፈነዳል። ነዳጅ የነበረበት ታንከርም እንደዚያው።

አራተኛው ዚንክ ነው፤ እሱ አስደንግጦናል። ለላባው የአሮጌ ጣሪያ ቆርቆሮ ተመረጠ። ስስ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በዛ ላይ ሞልቷል። ከሰዓት ሙሉ ሲበይዱ ዋሉ። ማታ መምህሯን ብርድ ብርድ አላቸው። ከዚያ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ አፋቸው ውስጥ የብረት ጣዕም። ሐዋሳ ነውና ሁላችንም ወባ ነው ብለን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘናቸው ሄድን። ወባ የለም። በማግስቱ ማታ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንኩ በብየዳው ሙቀት ይተናል፤ ጭሱ ወደ ሳንባ ሲገባ እንዲህ ያለ ትኩሳት ያስነሳል። ልጁ ወተት ይዞ መጣ፤ በበያጆች ዘንድ መድኃኒቱ ወተት ነው። ወተት ሳንባ ውስጥ የገባን ጭስ አያወጣም። መድኃኒቱ አለመተንፈስ ነው። አሁን ላባው በሪቬት፣ ያለ እሳት በሚመታ ምስማር፣ ነው የሚያያዘው፤ ቆርቆሮ እሳት አያየውም። ብየዳውም ከጣሪያው ሥር ወጥቶ ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ሆኗል። ይህ የጋራዡን ልጆች በሙሉ ጠቅሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ አስገብቶታል። ወጣቶቹ ይህን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ሰው ምን አለ

ሴት ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። ስትሰማ ደነገጠች። "እማዬ፣ ሥዕል ካማረሽ ሸራና ቀለም ልላክልሽ። ከጋራዥ ልጆች ጋር ምን ትሠሪያለሽ?" አለች። ሰፈሩም "ቲቸር ቁራሌው ሆኑ" አለ። እድር ላይ በሥራ የጠቆረ ጥፍራቸውን አይተው ያሽሟጠጡ ነበሩ።

ይህ ንቀት የቆየ ነው። አገራችን ብረት የሚሠራን ሰው ስታንቋሽሽ ኖራለች። ማረሻውን ከእጁ እየተቀበሉ በቡዳነት ያሙታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የጋራዥ ልጅ ሚስት ሲጠይቅ ፊት የሚያጠቁሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። መምህሯ ለልጃቸው የመለሱላትን እዚህ ልጻፈው፦ "ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አሁን እነሱ ያስተምሩኝ።" ልጅቷ ለበዓል መጥታ አባ ኮዳውን ቆሞ አየችው። ከዚያ ወዲህ ጓንት የምትልከው እሷ ናት።

ሥራው የማን ነው?

አባ ኮዳውን ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ገዛው። ግቢው ውስጥ ሲያቆመው ከሥሩ ጽሑፍ አደረገ። ጽሑፉ ላይ የመምህሯ ስም ብቻ ነበር። ክፉ ልብ አልነበረበትም፤ የሎጁ ሰዎች የሚያውቁት እሳቸውን ነው። ልጁ የብየዳ ዋጋውን ተቀብሎ ዝም አለ። ጓደኞቹ ግን አልተዉትም። "አንተ ሠራህ፣ እሷ ተጻፈች" እያሉ አበሸቁት።

ከዚያ ልጁ ራቀ። ሲደውሉለት "ቲቸር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል። እውነትም ሥራ ነበረበት፤ ግን ሥራ ድሮም ነበረበት። መምህሯ ነገሩ የገባቸው ዘግይተው ነው፤ ሲገባቸውም ከፋቸው።

እኔ በዚህ ጊዜ የነገርኳቸው የሁልዮ ጎንዛሌዝን ታሪክ ነው። ጎንዛሌዝ በ1876 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ውስጥ፣ ብረት ከሚሠራ ቤተሰብ ተወለደ። ፓሪስ ሄደ። ልቡ ሠዓሊ መሆን ነበር። በ1918 ሬኖ ፋብሪካ ሲሠራ በጋዝ መበየድ ተማረ። በ1928 ፒካሶ ብረት መቅረጽ ፈልጎ ብየዳ ስለማያውቅ ወደ እሱ መጣ። ሐሳቡ የፒካሶ፣ እጁ የጎንዛሌዝ ሆኖ አብረው ሠሩ። ጎንዛሌዝ ያን ጊዜ 52 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ሥራ ተነስቶ የራሱን መቅረጽ ያዘ፤ ዛሬ በብየዳ የሚሠራ የብረት ቅርጽ ሲነሳ ስሙ ከቀዳሚዎቹ ነው። በ1942 እስኪሞት ድረስ የቀረው ጊዜ ብዙ አልነበረም፤ ስሙን ያስጠራው ግን በእነዚያ ዓመታት የሠራው ነው።

መምህሯ ታሪኩን ሰምተው ያተኮሩት እኔ ባላሰብኩት ቦታ ነው። እኔ ስለ 52 ዓመቱ ነበር የነገርኳቸው፤ ዘግይቶ ስለመጀመር። እሳቸው "በያጁ ነው እኮ ቀራጺ የሆነው!" አሉ።

በማግስቱ ጋራዥ ሄደው ከልጁ ጋር ተቀመጡ። ሽማግሌ አልተጠራም። በደብተራቸው ላይ ተጻፈ። የብረቱ፣ የኤሌክትሮዱና የመብራቱ ወጪ መጀመሪያ ይነሳል። የተረፈው እኩል ለሁለት ይካፈላል። አብረው የሠሩት ላይ የሁለቱም ስም በብየዳ ይጻፋል። አንዱ ለብቻው የሠራው የብቻው ነው። ሁለቱም ፈረሙ። ሎጁም ጽሑፉን ቀየረ፤ ሲጠየቅ አላንገራገረም።

እኔ ይህን ውል የጉዳዩ እምብርት አድርጌ ነው የማየው። በዕድሜ የገፋ ሰው አዲስ ሙያ ሲጀምር ጉልበትና ጊዜ ከሌላው ይበደራል። ገንዘብ ሲመጣ ይህን መርሳት ቀላል ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ልጁ በራሱ ጊዜ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ሠራ። ቅርፊቱ በሙሉ የዳዶ ማሰሪያ ቀለበት ነው፤ እያንዳንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ተበይዷል። የመምህሯ እጅ የለበትም። ክንፉ ግን በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው፤ ይህን ከማን እንደተማረ ይናገራል።

ስለ ዝገቱም ልጨምር። የሐይቅ ዳር እርጥበትና ክረምቱ ብረትን አይምርም። ቫርኒሽ ቀብተው ነበር፤ ተላጠ። አሁን ብረቱን ሞቅ አድርገው ንጹሕ ሰም ያሹበታል። ሰሙ ቀልጦ ይገባል፤ ጥቁርና ለስላሳ መልክ ይሰጠዋል። ደጅ ለሚቆም ሥራ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህንንም ለገዢው አስቀድመው ይነግሩታል።

አሁን ጉሬዛ ይዘዋል። አካሉ አልቋል። የቸገራቸው ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርደው ነጭ ጸጉር ነው። ልጁ የባጃጅ የፍሬን ገመድ ፈታ፤ ውስጡ እንደ ጸጉር ቀጭን ሽቦ ነው፤ ነጣ ብሎ ያበራል። ችግሩ ሽቦው ራሱ በዚንክ የተለበጠ መሆኑ ነው። ስለዚህ መበየድ የለም። እሳቸው ሽቦውን በቀጭን ቱቦ ውስጥ እየሰበሰቡ በሞርሳ ጨምቆ ማያያዝ ይሻላል ይላሉ። እሱ ካቴና ላይ አንድ በአንድ መቋጠር ይሻላል ይላል። በግራ ትከሻው የእሳቸውን፣ በቀኙ የእሱን እየሞከሩ ነው።